ድንኳኑን ጭኖ የመጣ እንግዳ

የአዲስ አበባ ልጅ ሰፈር ውስጥ ድንኳን ሲያይ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ሰርግ ነው ወይስ ለቅሶ? ሦስተኛ አማራጭ የለም። ድንኳን የዕድር ንብረት ነው፤ ከነወንበሩና ከነብረት ድስቱ በዕድሩ መጋዘን ተቀምጦ ተራውን የሚጠብቅ። ‹‹ድንኳን ሰባሪ›› የምትለዋን ስድብም የሰጠን እሱው ነው። ሳይጠሩት ገብቶ፣ በልቶና ጠጥቶ፣ ሙሽራውን ‹‹የማን ወገን ነህ?›› ብሎ የሚጠይቅ ሰው ማለት ነው።

አሁን ግን ሦስተኛ ዓይነት ድንኳን መጥቷል። ይሄኛው የሚኖረው መኪና ጣሪያ ላይ ነው። ላንድክሩዘር ከነፖርቶመጋላው ሲያልፍ ከላይ በጥቁር ሸራ የተሸፈነ፣ የታጠፈ ፍራሽ የሚመስል ነገር አይታችሁ ከሆነ እሱ ነው። ማታ ሲደርስ ቀበቶው ይፈታል፣ መሰላሉ ይሳባል፣ ድንኳኑ እንደ መጽሐፍ ይገለጣል፣ ሰዎቹም ወደ ላይ ወጥተው ይተኛሉ። መጀመሪያ የፈረንጅ ጎብኚዎች ነገር ነበር። አሁን አንዳንድ አስጎብኚዎችና መኪና አከራዮች ያቀርቡታል፤ ከከተማ ወጣ ማለት የሚወዱ የኛ ልጆችም ‹‹ወደ ቦንጋ፣ ወደ ሚዛን ተፈሪ፣ ወደ ቴፒ ብንሄድበትስ?›› ማለት ጀምረዋል።

ሂዱበት! አገጣጠሙንም እንነጋገራለን። ነገር ግን ወደ ደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር ድንኳን ጭኖ የሄደው የመጀመሪያው ሰው የዛሬው ቱሪስት አይደለም። ድንኳን እዚያ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ሁሌ ደስ የሚል አይደለም። መሰላሉን ከመውጣታችን በፊት እሱን እንይ። (እ.ኤ.አ. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማ ማለት ሰፈር፣ ሰፈር ማለት ድንኳን

ሁለት ቃላት እንውሰድ፤ ‹‹ከተማ›› እና ‹‹ሰፈር››። ሁለቱም ከዘመቻ የመጡ ናቸው። ከተማ የንጉሥ ወይም የጦር አለቃ ሠራዊቱን ይዞ የሚቀመጥበት ቦታ ነበር። ሰፈር ደግሞ የሰፈሩበት፣ ጓዝ የወረደበት ማለት ነው። ዛሬ ‹‹የሰፈሬ ልጅ›› ስንል ሳናውቀው የድንኳን ጎረቤት ማለታችን ነው።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ጎንደር በ1628 ዓ.ም. ገደማ መናገሻ እስክትሆን ድረስ ነገሥታቱ ለብዙ ዘመን የኖሩት በመዘዋወር ነው። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. እዚህ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያገኘው የዐፄ ልብነ ድንግል ዋና ከተማ የድንኳን ከተማ ነበር። የንጉሡ ድንኳኖች መሐል ላይ፣ መኳንንቱ በማዕረጋቸው ግራና ቀኝ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ገበያውም የየራሱ ቦታ ነበረው። ሠራዊቱ አዲስ ሜዳ ላይ ሲደርስ ቦታ ፍለጋ መዟዟር የለም። ድንኳን የሥልጣን ካርታ ነበር፤ የት እንደተተከልክ ካየን ማን እንደሆንክ እናውቃለን።

አዲስ አበባም ብትሆን ከዚሁ ማኅፀን የወጣች ናት። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ አጠገብ ቤት ከማሠራታቸው በፊት ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ እየወረደ እዚያው ድንኳን ይተክል ነበር። ከዚያ በኋላ መኳንንቱ እያንዳንዳቸው ተከታያቸውን ይዘው የሰፈሩበት ኮረብታ ‹‹የእገሌ ሰፈር›› ሆኖ ቀረ። ራስ መኮንን፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ደጃች ውቤ…

ድንኳኑ ምን ይበላል?

ጥያቄው ይሄ ነው። አንድ ሺህ ድንኳን ሜዳ ላይ ተተክሏል እንበል። ማታ ምን ይበላል? ስንቅ ያልቃል። ሲያልቅ የአካባቢው ገበሬ ጎተራ ይከፈታል። በሰላሙ ጊዜ ደግሞ ‹‹ድርጎ›› የሚባል ሥርዓት ነበር። የንጉሥ ወይም የራስ ደብዳቤ የያዘ መንገደኛ፣ ፈረንጅም ይሁን የኛ ሰው፣ በደረሰበት አገር እንጀራ፣ ጠላ፣ በግና ማር ይቀርብለታል። የሚያቀርበው ባላገሩ ነው። የዚያን ዘመን መንገደኞች ማስታወሻ ስታነቡ ‹‹ድርጎው ዘገየብን›› የሚል ማማረር በየቦታው ታገኛላችሁ። የባላገሩ ማማረር ግን አልተጻፈም፤ ብዕሩ በድንኳኑ ውስጥ ነበርና።

እንግዲህ ባላገር ከሩቅ ነጭ ድንኳን ሲያይ የሚያስበው ‹‹ሰርግ ነው ወይስ ለቅሶ?›› ብሎ አልነበረም። ‹‹ስንት ናቸው? ስንት ቀን ይቆያሉ?›› ብሎ ነው። በሌላ አነጋገር ያኔ ድንኳን ሰባሪው ድንኳኑን ይዞ ነበር የሚመጣው።

ድንኳኑ ካፋ ሲደርስ

አሁን ወደ ቡናው አገር እንውረድ። የካፋ መንግሥት ለዘመናት ራሱን በጫካ፣ በገደልና በጉድጓድ አጥር እየጠበቀ የኖረ መንግሥት ነበር። በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከተባባሪዎቹ ጋር ገባበት፤ ዘመቻው ወራት ፈጀ። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በጫካው ሲሸሹ ቆይተው በ1890 ዓ.ም. መባቻ ተያዙ። ከዚያም እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ እስረኛ ሆነው ኖሩ።

እዚያው ዓመት ውስጥ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከካፋ ተነስተው ወደ ደቡብ፣ እስከ ሩዶልፍ (ዛሬ ቱርካና) ሐይቅ ድረስ ዘመቱ። አሌክሳንደር ቡላቶቪች የተባለ የሩሲያ መኮንን አብሯቸው ተጉዟል፤ የጉዞውንም ማስታወሻ እ.ኤ.አ. በ1900 አሳትሟል። የካፋ፣ የቤንች፣ የሸኮ፣ የዲዚ ሰዎች ያንን ዘመን የሚያስታውሱት በሌላ በኩል ነው። ከሠራዊቱ ኋላ ነፍጠኛና ገባር መጣ። ከዚያም ባሪያ ፈንጋይ መጣ፤ የማጂና የዙሪያው አገር ሕዝብ ክፉኛ መመናመኑን የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማሙበታል። ባርነት በሕግ ጨርሶ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። የገባሩ ልጅ የጭሰኝነት ሸክም በአዋጅ የወረደለት ደግሞ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው።

ሸክም ስል ምሳሌያዊ አነጋገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ድንኳን ከባድ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ እጥፍ ይሆናል። ደጋው ላይ በቅሎ ይሸከመዋል። ቆላው ላይ ግን የቆላ ዝንብ አለ፤ የሚያመጣው ገንዲ የሚባል በሽታ ፈረስና በቅሎ ይጨርሳል። በቅሎው ሲሞት ጓዙ አይቀርም፤ ወደ ሰው ጫንቃ ይዛወራል። የማን ጫንቃ እንደሆነ መገመት አያስቸግርም።

ፖርቶመጋላ

ከዚያ መኪና መጣ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የጣሊያን ወረራ መንገድና ካሚዮን ሲያመጣ ቃላቱንም ጥሎልን ሄደ። ጋራዥ ገብታችሁ መካኒኩን አዳምጡት፤ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ቡሎን፣ ዳዶ… ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ፖርቶመጋላም የእነሱው ‹‹ፖርታባጋሊ›› ነው፤ ትርጉሙ ዕቃ ተሸካሚ። ለዘመናት በበቅሎና በሰው ላይ የነበረው ሸክም ወደ መኪና ጣሪያ ወጣ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ላንድሮቨር፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላንድክሩዘር ሲወለዱ ደግሞ ጭቃ የማይፈራ በቅሎ ተገኘ፤ ገንዲም አይዘውም።

ድንኳኑን ራሱን ጣሪያው ላይ መትከል የተለመደው ግን አውሮፓ ውስጥ ነው። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1958 ‹‹ኤር ካምፒንግ›› የሚባለውን ለገበያ አቀረቡ። ለኛ የሚቀርበው ታሪክ ግን የምሥራቅ ጀርመኑ ነው። ሊምባኽ-ኦበርፍሮና የምትባል ከተማ የሚኖረው ጌርሃርድ ሙለር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ለትራባንት የሚሆን የጣሪያ ድንኳን ሠራ። ትራባንት ማለት ክብደቷ 600 ኪሎ ገደማ የሆነች፣ አካሏ ከጥጥና ከሙጫ የተጋገረ ሚጢጢ መኪና ናት። እንደፈለገ ከአገር መውጣት ያልተፈቀደለት የዚያ አገር ሰው ‹‹ቤቴን ጭኜ እስከተፈቀደልኝ ልሂድ›› ቢል አይገርምም።

ለምን ይቀርበናል? በዚያው ዘመን ያ ሕዝብ ቡና አጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ብራዚል ውስጥ ውርጭ ቡናውን መታውና የዓለም ዋጋ ሰማይ ነካ። የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ግማሽ ያህሉ ቡና ያልሆነ ድብልቅ ለሕዝቡ አቀረበ፤ ሕዝቡም በቁጣ ነደደ። በሰኔ 1969 ዓ.ም. ቨርነር ላምበርትስ የተባለው ባለሥልጣን አዲስ አበባ መጥቶ ከመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጋር ተስማማ፤ ቡና በመሣሪያና በካሚዮን። ኢፋ የሚባሉት መኪኖች ትዝ የሚላችሁ ታላላቆቻችን አላችሁ። ስምምነቱ ብዙ አልቆየም፤ ደርግ ቡናውን በዶላር መሸጥ ፈለገ። ግን ነገሩን አስቡት። አንዱ በትራባንቱ ጣሪያ ላይ ተኝቶ ጠዋት ለሚጠጣት ስኒ፣ እዚህ አንድ ገበሬ ቡናው በጠመንጃ ተለውጦበታል። ገበሬውን ማንም አልጠየቀውም።

እንግጠመው

እሺ፣ ታሪኩ ይብቃንና ቁልፍ እናንሳ።

መጀመሪያ ክብደት። ለሁለት ሰው የሚሆን የጣሪያ ድንኳን ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 80 ኪሎ ይመዝናል። መኪናው ሲሄድ ጣሪያው የሚችለውና ቆሞ የሚችለው ሸክም አንድ አይደለም። ቆሞ ሁለት ሰው ቢተኛበት ይችላል፤ ሲሄድ ግን እያንዳንዱ ጉድጓድ ክብደቱን ያባዛዋል። ስለዚህ የመኪናውን መጽሐፍ ከፍታችሁ በጉዞ ላይ የሚፈቀደውን ቁጥር እዩ፤ የፖርቶመጋላው ክብደት ራሱ እንደሚቆጠር አትርሱ። ለኮረኮንች ደግሞ ከዚያም ቀንሱ። ድንኳን ከተጫነ ጄሪካን፣ ትርፍ ጎማና የቡና ጆንያ ጣሪያው ላይ አብረው አይወጡም። ከላይ የከበደ መኪና ያጋደለ መንገድ ላይ ቶሎ ይገለበጣል።

ሁለተኛ ማሰሪያ። የቆዩት ላንድክሩዘሮች የጣሪያ ጠርዝ ላይ የውሃ መውረጃ ቦይ አላቸው፤ እግሩ እዚያ ላይ የሚቆም ፖርቶመጋላ ጠንካራ ነው። እግሮቹ ሲበዙ ሸክሙ ይከፋፈላል። ዳዶው ውስጡ ላስቲክ ያለው ይሁን፤ ንቅናቄ አይፈታውም። ያም ሆኖ ከመጀመሪያው 50 ወይም 100 ኪሎ ሜትር በኋላ ወርዳችሁ እንደገና አጥብቁ። ከአዲስ አበባ ሚዛን ተፈሪ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጅማ ላይ ምሳ ስትበሉ አንድ ጊዜ ማየት አይከብድም።

ሦስተኛ ዝናብ። ያ አገር በዓመት ከ1500 እስከ 2000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል፤ ደረቅ የሚባለው ወቅትም ያን ያህል አይታመንም። የጥጥ ሸራ አዲስ ከሆነ ቤታችሁ እያላችሁ ዘርግታችሁ ውሃ አፍስሱበትና አድርቁት፤ ክሩ ያብጥና የስፌቱን ቀዳዳ ይደፍናል። ማታ ነፋስ በማይመጣበት በኩል መስኮት ትንሽ ክፈቱ፤ አለዚያ የገዛ ትንፋሻችሁ ጠብታ ሆኖ ይዘንብባችኋል። እርጥቡን አጥፋችሁ ከሄዳችሁ በቀጣዩ ምሽት ዘርግታችሁ አድርቁት። ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ ይሻግታል፤ የሻገተ ሸራ ሽታው አይለቅም።

አራተኛ ቦታ። መኪናውን ሜዳው ላይ አስተካክሉ፤ ካስፈለገ ጎማው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጉና ራሳችሁን ከፍ ባለው በኩል አድርጋችሁ ተኙ። የመሰላሉ እግር ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጥ ጣውላ አንጥፉለት። በትልቅ ያረጀ ዛፍ ሥር አትቁሙ፤ በዝናብ የከበደ ቅርንጫፍ ሲወድቅ ሸራ አያስቆመውም። ስትነዱም ከፍታችሁን አስታውሱ፤ በቡና ማሳ ውስጥ የጥላ ዛፉ ቅርንጫፍ ለፒክአፕ እንጂ ለባለ ፎቅ መኪና አልተቆረጠም።

አምስተኛና ዋናው፣ ከሰል ይዛችሁ አትውጡ። ብርድ ቢሆንም፣ ቡና ቢያምራችሁም። በተዘጋ ድንኳን ውስጥ የከሰል ጭስ ሳይሸት ይገድላል። ቴፒ አካባቢ ደግሞ ወባ አለ፤ ትንኝ ሁለት ሜትር ለመውጣት መሰላል አትፈልግም። የመስኮቱ መረብ ያልተቀደደ ይሁን።

መሰላል ወጥቶ መተኛት ጥቅሙ ጭቃ፣ ጎርፍና ጉንዳን ማምለጥ ነው። ጉዳቱም አለ። ሌሊት ሽንት ሲመጣ በዝናብ መሰላል መውረድ አለ። መኪናውን ለአንድ ጉዳይ ማንቀሳቀስ ስትፈልጉም ቤታችሁን ማጠፍ አለባችሁ።

ባዶ ጫካ የለም

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የጣሪያ ድንኳን ሻጮች ‹‹የትም ቁም፣ የትም ተኛ›› ይላሉ። ነፃነት ነው ይላሉ። ከበስተጀርባችን ያለውን ታሪክ ላየ ሰው ግን ‹‹የትም›› የሚለው ቃል ይቆረቁራል።

ሸካና ካፋ ውስጥ ‹‹ኮቦ›› የሚባል ነባር ሥርዓት አለ። ለከተማ ሰው ዓይን ድንግልና ባዶ የሚመስለው ጫካ ለአካባቢው ሰው የተከፋፈለ ነው። ይሄ ዛፍ የእገሌ ቀፎ የሚሰቀልበት፣ ያ ሸለቆ የእገሌ ቤተሰብ ቡና የሚለቅምበት ነው። አጥርም ታፔላም የለውም፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ለአምልኮ የተለዩ፣ ዛፍ የማይቆረጥባቸው ቦታዎችም አሉ። ዩኔስኮ ካፋን በ2002፣ ሸካን በ2004፣ ማጃንግን በ2009 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ ሲመዘግብ ያገኘው ጫካ በራሱ የቆየ አይደለም። ባለቤት ስለነበረው የቆየ ነው።

ሳይጠይቁ ማለፍ ምን እንደሚያስከትል የጌሻ ቡና ይመስክር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ማጂ በነበረው የእንግሊዝ ቆንስላ በኩል ከጌሻ አካባቢ የተለቀመ የቡና ዘር ወደ ኬንያ ሄደ። ከዚያ ታንዛኒያ፣ ከዚያ ኮስታሪካ፣ ከዚያ ፓናማ። በ1996 ዓ.ም. ፓናማ ውስጥ በጨረታ አንዱ ፓውንድ በ21 ዶላር ሲሸጥ ዓለም ጉድ አለ፤ ዋጋው ከዚያ ወዲህ ብዙ እጥፍ ወጥቷል። ስሙ የጌሻ ነው፤ ዶላሩ ግን የጌሻ ገበሬ ኪስ አልገባም።

የዛሬው ባለ ጣሪያ ድንኳን ከጥንቱ በአንድ ነገር ይሻላል፤ ድርጎ አይጠይቅም። አልጋውን፣ ውሃውን፣ ፓስታውን ከአዲስ አበባ ጭኖ ይመጣል። ማንንም አያስቸግርም። ግን እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከማንም የማይወስድ ለማንም ምንም ሳይሰጥ የሚሄድም ሊሆን ይችላል። ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ተኝቶ፣ ሳይወርድ ፎቶ አንስቶ፣ ጠዋት የጎማ አሻራ ጥሎ የሚሄድ እንግዳ ለባላገሩ ያው የጥንቱ ነጭ ድንኳን ነው። ‹‹ስንት ናቸው? ስንት ቀን ይቆያሉ?››

ስለዚህ የኔ የአገጣጠም መመሪያ ስድስተኛ ቁጥር ይኸውና። ቀበቶውን ከመፍታታችሁ በፊት፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ ወርዳችሁ ጠይቁ። በአቅራቢያው ያለውን ቤት አንኳኩ፤ ከዚያ ቀበሌውን። የቡና እርሻ ከሆነ ዘበኛውን። ‹‹እናቴ፣ እዚህ ብናድር ይፈቀዳል?›› በሉ። መንገዱ ሰላም መሆኑንም የሚነግራችሁ ያው ሰው ነው። እንቁላሉን፣ ሙዙን፣ ማሩን ከእሱ ግዙ፤ በተጠየቃችሁት ዋጋ። ምናልባትም ‹‹ኑ ጠጡ›› ትባላላችሁ። የሚቀርብላችሁ ፍሬው የተቆላ ቡና ላይሆን ይችላል፤ እዚያ አገር የቡናውን ቅጠል ከቅመም ጋር አፍልተው ‹‹ጨሞ›› ይሉታል። ያቃጥላል፤ ጠጡት።

ከዚያ በኋላ መሰላሉን ውጡ። ሌሊት ዝናቡ ሸራውን ሲደበድብ ደስ ይላል፤ ተጠርቶ የገባ ሰው ደግሞ እንቅልፉ ጥሩ ነው።

ቸር እንሰንብት።